ስቴንቱ ከገባ በኋላ የደረቱ ቱቦ ለምን አልወጣም?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «የ62 ዓመት አባቴ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። በ7ኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸውና ሲቲ ስካን ሲነሡ ደረታቸው ውስጥ ያለው መገጣጠሚያ ያፈስሳል ተባለ። በኢንዶስኮፒ ስቴንት ገባላቸው። ቀዳዳው ከተሸፈነ የደረቱ ቱቦ ለምን አይወጣም? ምግብስ ለምን ተከለከሉ? ስቴንቱ በዚያው ይቀራል ወይስ ይወጣል?»

እግዜር ይማርልዎ። የሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ከአንድ ቦታ ይነሣል። ስቴንት በአፍ በኩል በካሜራ (በኢንዶስኮፒ) የሚገባ የተለበጠ የሽቦ ቱቦ ነው፤ ቀዳዳውን ይጋርዳል፤ የሚደፍነው የአባትዎ ሥጋ ራሱ ነው። ሥጋው እንዲደፍነው መግሉ መውጣት፣ ሰውነታቸው መመገብ፣ ወደ መገጣጠሚያውም ደም መድረስ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የፈለገው ዓይነት ስቴንት ቢገባ አይሠራም።

ቀዶ ጥገናው ላይ ዕጢው ያለበት የምግብ ቧንቧ ክፍል ይወጣል። ከዚያ ጨጓራው ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቱቦ እንዲሆን ተቆርጦ ወደ ደረት ይሳብና ከላይ ከቀረው የምግብ ቧንቧ ጋር ይሰፋል። ጨጓራውን ወደ ላይ ለመሳብ አብዛኞቹ ደም ሥሮቹ ስለሚቆረጡ በዋናነት በቀኝ በኩል ከታች በሚመጣ አንድ ደም ሥር ብቻ ይተዳደራል። ስፌቱ የሚያርፈው ደግሞ ከዚህ ደም ሥር እጅግ በራቀው ጫፍ ላይ ነው። በዚያ ላይ የምግብ ቧንቧ እንደ አንጀት ከውጭ የሚሸፍነው ስስ ልባስ ስለሌለው ክር በቀላሉ ሥጋውን ይቆርጠዋል። ስለዚህ መገጣጠሚያ ሲያፈስ ወዲያው የሐኪሙ እጅ ስቷል ማለት አይደለም። ልምድ ባላቸው ማዕከላትም ቢሆን ከ10 ታማሚዎች አንዱ ገደማ ላይ ይደርሳል።

አሁን መግሉን ወደ ውጭ ወደሚያወጣው የደረት ቱቦ። ሰው ምግብ ባይቀምስ እንኳ ምራቁን ይውጣል፤ ይህ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ነው። አየር ሲሳብ ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚወርድ ምራቁ፣ አሲዱና ሐሞቱ በቀዳዳው በኩል ወደ ደረት ይመጠጣሉ፤ ሳንባ ዙሪያና በሁለቱ ሳንባዎች መሀል ተጠራቅመው ይመግላሉ። ስቴንቱ ሲገባ ይህ ሁሉ እዚያው እንዳለ ነው። ቱቦው በዚያው ቀን ቢነቀል መግሉ መውጫ ያጣል፤ ትኩሳቱ ይመለሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊት ይደክማል። «ስቴንቱ አልሠራም» ከተባለባቸው ታማሚዎች ውስጥ ስቴንቱ በትክክል ቦታው ላይ ተቀምጦ የሚገኝባቸው ጥቂት አይደሉም፤ የጎደለው መግሉን በደንብ ማውጣቱ ነው።

በቀዶ ጥገናው ጊዜ የገባው ቱቦ መግሉ ያለበት ኪስ ላይ ላይደርስ እንደሚችልም ይወቁ። ሲቲ ስካኑ የሚነሣው ቀዳዳውን ለማየት ብቻ አይደለም፤ ኪሱ የት እንዳለ፣ የቱቦው ጫፍም የት እንዳረፈ ለማወቅ ጭምር ነው። ቱቦው ኪሱን ካላገኘው በሲቲ ወይም በአልትራሳውንድ እየታየ ከ10 እስከ 14 ፍሬንች ውፍረት ያለው ቀጭን ቱቦ በቆዳ በኩል ይጨመራል (1 ፍሬንች የሚሊሜትር ሢሶ ነው)። መግሉ ከወፈረ ወይም ክፍል ክፍል ከሠራ ቀጭኑ ቱቦ ይደፈናል። ያኔ 28 ፍሬንች ገደማ የሆነ ወፍራም የደረት ቱቦ፣ እሱም ካልበቃ በካሜራ ገብቶ ደረትን ማጠብ ያስፈልጋል።

ቱቦው የሚወጣበት ቀን አስቀድሞ አይቆረጥም። ትኩሳት መጥፋት፣ የነጭ ደም ሴል ቁጥርና ሲአርፒ (በደም የሚለካ የብግነት ምልክት) መውረድ፣ በ24 ሰዓት የሚወጣው ፈሳሽ ጠርቶ ወደ 50 ሚሊሊትር አካባቢ መድረስ፣ በሲቲ ኪሱ ተጨምድዶ መታየት፣ በራጅ እንዲታይ የሚዋጠው የምስል መድኃኒትም ወደ ውጭ አለማፍሰሱ፣ እነዚህ አንድ ላይ ይታያሉ። ብዙ ጊዜ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይነቀልም፤ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር እየተሳበ ከኋላው ያለው ቦታ እንዲሞላ ይደረጋል። ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ስህተትም አለ። የቱቦው ጫፍ በቀጥታ መገጣጠሚያውን ተደግፎ በማሽን ሲመጠጥ ምራቁን በራሱ በኩል እየሳበ ቀዳዳው እንዳይዘጋ ያደርጋል። ሐኪሞቹ ምስሉን አይተው ቱቦውን ትንሽ ወደ ኋላ ሲስቡት ሕክምናውን እያቋረጡ እንዳይመስልዎት።

አስታማሚ ትልቅ ሥራ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የወጣውን ፈሳሽ መጠንና መልክ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይጻፉ። ፈሳሹ የሚጠራቀምበት ጠርሙስ ሁልጊዜ ከደረት ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ለምስል ሲወሰዱም አልጋው ላይ ጭናቸው ሥር አይደረግ። ቱቦውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማንም አይቆልፍ። ፈሳሹ ጠርቶ ቆይቶ ድንገት ቢደፈርስ፣ አረፋማ ምራቅ ቢመስል ወይም የምግቡን መልክ ቢይዝ ስቴንቱ ተንሸራትቶ ሊሆን ስለሚችል እስከ ጠዋት ጉብኝት አይጠበቅም።

ስቴንቱ ራሱ ኒቲኖል ከሚባል የኒኬልና የታይታኒየም ቅይጥ ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ነው፤ በሲሊኮን ወይም በፖሊዩሪቴን ይለበጣል። ለሊክ (መገጣጠሚያው ሲያፈስ) የሚመረጡት መሀላቸው ከ18 እስከ 23 ሚሊሜትር፣ ሰፋ ያሉት ጫፎቻቸው ከ23 እስከ 28 ሚሊሜትር፣ ርዝመታቸው ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር የሆኑ ናቸው። አገባቡ እንዲህ ነው። ታማሚው በሙሉ ማደንዘዣ፣ መተንፈሻ ቱቦ ገብቶላቸው ይተኛሉ፤ ምራቅና መግል ወደ ሳንባ እንዳይወርድ። ኢንዶስኮፒው የሚነፋው በተራ አየር ሳይሆን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆን ይመረጣል፤ ተራ አየር በቀዳዳው አልፎ ደረት ውስጥ ሲቀር ሳንባን ይጨፈልቃል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ቶሎ ይመጠጣል። ቀዳዳው ከፊት ጥርስ ስንት ሳንቲሜትር እንደሚርቅ ይለካል፣ ኪሱ ይታጠባል፣ የጨጓራው ሥጋ ቀይ ይሁን የጠቆረ በጥንቃቄ ይታያል። ከዚያ ጠንካራ መሪ ሽቦ ከቀዳዳው አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ በእሱ ላይ የታጠፈው ስቴንት ይገባና በራጅ እየታየ ይለቀቃል። ከቀዳዳው በላይም በታችም ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር፣ ቢቻል ከዚያ የበለጠ መሸፈን አለበት። አንዳንዱ ስቴንት ሲከፈት ስለሚያጥር ይህ ካልተሰላ አንዱ ጫፍ ቀዳዳው አፍ ላይ ይቀራል። ሙሉ ስፋቱን የሚይዘው ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ በፊኛ ለማስፋት አይቸኮልም፤ ትኩስ ስፌት ላይ ፊኛ መንፋት ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ዋናው ድክመቱ ግን ታችኛው ጫፍ ላይ ነው። የላይኛው ጫፍ ጠባብ በሆነው የምግብ ቧንቧ ውስጥ ስለሚያርፍ ግድግዳውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ታችኛው ጫፍ የሚያርፈው ግን ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር በሚሰፋው የጨጓራ ቱቦ ውስጥ ነው፤ 28 ሚሊሜትር የሆነ ጫፍ እዚያ ውስጥ ተንጠልጥሎ ነው የሚቀረው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ አባትዎ ሲተኙ ወይም ሲያስላቸው የጨጓራው አሲድና ሐሞት በስቴንቱ ውጭ በኩል ወደ ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን ያገኘዋል። በአፍንጫ የሚገባው የጨጓራ መምጠጫ ቱቦ፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያለው የአሲድ መቀነሻና የአልጋው ራስጌ ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ማለቱ ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የሚይዘው ስለሌለ ስቴንቱ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሙሉ ለሙሉ የተለበጠው ስቴንት ከ4 ሰው አንዱ ላይ ገደማ ቦታውን ይለቅቃል። ይህን ለመቀነስ የላይኛው ጫፍ በኢንዶስኮፒ ክሊፕ ወይም በኢንዶስኮፒ ስፌት ከግድግዳው ጋር ይያያዛል፤ መሣሪያው በሌለበት ቦታ ከስቴንቱ የታሰረ ክር በአፍንጫ ወጥቶ ይታሰራል። ያ ክር ካለ ማንም እንዳይጎትተው፣ እንዳይቆርጠውም ለተረኛ ነርሶች ሁሉ ይነገር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ከዚያም በየሳምንቱ የደረት ራጅ የሚነሣው ስቴንቱ ቦታው ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠይቀው ይወቁ፦ የገባው ሙሉ ለሙሉ የተለበጠ ነው ወይስ በከፊል? በአገራችን፣ በተለይ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በሚበዛባቸው በአርሲና በባሌ አካባቢ ብዙ ሰው ስቴንትን የሚያውቀው ቀዶ ጥገና ለማይቻልላቸው ታማሚዎች መዋጫ ለመክፈት ሲገባ ነው። ኬንያ ቦሜት ያለው ቴንዌክ ሆስፒታልም የሚታወቀው በዚሁ ዓይነት አገልግሎት ነው። ለዚያ ዓላማ የሚውሉት ስቴንቶች ብዙዎቹ ጫፋቸው ያልተለበጠ ነው፤ ሥጋ በሽቦው ቀዳዳ በቅሎ እንዲይዛቸው ታስበው ስለተሠሩ የሚወጡ አይደሉም። እርስዎም «በዚያው ይቀራል ወይ» ያሉት ይህን ሰምተው ይመስለኛል። ለሊክ የሚገባው ግን መውጣት ያለበት ነው። በከፊል የተለበጠው ለሊክ ሲውል በደንብ ይገጥማል፣ የሚንሸራተተውም ባነሰ ቁጥር ነው፤ ሲነቀል ግን ሥጋውን ይዞ ይመጣል። እንዲህ ሲያጋጥም በውስጡ ተመሳሳይ ስፋት ያለው ሙሉ ለሙሉ የተለበጠ ስቴንት ገብቶ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል፤ የበቀለውን ሥጋ ተጭኖ ያከስመዋል፣ ከዚያ ሁለቱ አብረው ይወጣሉ።

ስለ ምግቡ። መጾም ማለት መራብ አይደለም። ቁስል የሚሽረው በፕሮቲን ነው፤ አባትዎ 60 ኪሎ ቢመዝኑ በቀን ከ1500 እስከ 1800 ካሎሪና ከ72 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። ይህ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ትንሹ አንጀት ላይ በገባው የምግብ ቱቦ፣ ከሌለም በአፍንጫ ገብቶ ከጨጓራው አልፎ በወረደ ቀጭን ቱቦ ይሰጣል። አንጀት ሙሉ መጠኑን በአንድ ጊዜ ስለማይችል በሰዓት 20 ሚሊሊትር ገደማ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ለሳምንታት መዋጥ አቅቷቸው ከነበረ ምግቡ ከመጀመሩ በፊት ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1)፣ ከዚያም የፎስፌት፣ የፖታሲየምና የማግኒዥየም ክትትል ያስፈልጋል፤ በረሃብ የተጎዳ ሰውነት ምግብ በድንገት ሲያገኝ እነዚህ ማዕድናት ወርደው የልብ ምትን ያዛባሉ። የምግቡ ቱቦ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ በ30 ሚሊሊትር ንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ቤት የተሠራ አጥሚት በዚህ ቱቦ አይገባም፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋና ይደፍነዋል፣ ፕሮቲኑም ትንሽ ነው። የተፈጨ ክኒንም እንዲሁ፤ መድኃኒቱ ፈሳሽ ዓይነት እንዳለው ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

በአፍ የሚሰጥ ነገር የሚፈቀደው ስቴንቱ ከገባ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ወይም ሐኪሙ በወሰነው ጊዜ በሚደረገው የመዋጥ ምርመራ ነው። ታማሚው በውኃ የሚሟሟ የምስል መድኃኒት እየዋጡ ራጅ ወይም ሲቲ ይነሣሉ፤ ባሪየም ደረት ውስጥ ቢገባ ስለሚቀር አይመረጥም። ከዚያ በፊት አንድ ጉንጭም ቢሆን አይዋጥም። ይህን የምለው ጠያቂ በበዛበት ክፍል ውስጥ በጎ አሳቢ ዘመድ ጠበል ወይም ዘምዘም ማቅመሱ ስለማይቀር ነው፤ ግንባራቸውን ይቀቧቸው፣ አፋቸውን በረጠበ ጨርቅ ማርጠብም ይቻላል። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ሲፈቀድ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ወተት፣ የተጠለለ ሾርባ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት በትንሽ በትንሹ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይወሰዳል። ስቴንቱ እስኪወጣ ቆሎ፣ ጥብስ፣ ደረቅ ዳቦና ጥሬ አትክልት አይሞከርም፤ ስቴንቱ አይኮማተርም፣ የጎረሱትን ወደ ታች የሚገፋ ጡንቻ የለውም። እንጀራ ውስጡ ተጠቅልሎ ሲቀርም ይደፍነዋል።

አንቲባዮቲኩ ከአፍና ከአንጀት የሚመጡትን ባክቴሪያዎች፣ ያለ አየር የሚኖሩትን ጨምሮ፣ እንዲሸፍን ይመረጣል፤ ከመግሉ ፈንገስ ከበቀለ ፍሉኮናዞል ወይም የመሰለው ይጨመራል። የመግሉ ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የመለየት ምርመራ) ውጤት ሲመጣ መድኃኒቱ ሊለወጥ ይችላል።

ስቴንት የማይሆንባቸው ሁኔታዎችም አሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት ሊክን በሕክምናው ልክ በሦስት ይከፍላል፦ በመድኃኒትና በአመጋገብ ለውጥ ብቻ የሚያልፍ፣ እንደ ስቴንትና እንደ ቱቦ ያለ ጣልቃ ገብነት የሚፈልግ፣ እንደገና ቀዶ ጥገና የሚፈልግ። አባትዎ ሁለተኛው ላይ ናቸው። ጨጓራው ራሱ ጠቁሮ ከሞተ ስቴንት ማስገባት የሞተውን ሥጋ ከዓይን መሰወር ብቻ ነው፤ ደረት ተከፍቶ የሞተው ይወጣል። ስፌቱ ከዙሪያው ከግማሽ በላይ ከተከፈተ፣ ቀዳዳው ከ6 ሳንቲሜትር ከረዘመ፣ ወይም በጨጓራው ቱቦ ላይ ዝቅ ብሎ ሌላ ቀዳዳ ካለ ዕድሉ ይቀንሳል። መገጣጠሚያው አንገት ላይ ከሆነ ደግሞ ስቴንቱ ጉሮሮ ሥር ስለሚያርፍ ያስላል፣ ያንቃል፤ እዚያ ብዙውን ጊዜ የአንገቱን ቁስል ከፍቶ በየቀኑ ማጠብ ይበቃል። ስቴንቱም ቱቦውም በቦታቸው ሆነው በ48 እና በ72 ሰዓት መካከል ትኩሳቱ፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ካልተሻሻሉ «ትንሽ እንጠብቅ» የሚባልበት ጊዜ አልፏል፤ እንደገና ሲቲና ኢንዶስኮፒ፣ ምናልባትም ቀዶ ጥገና ይታሰባል።

ሌላው አማራጭ የመምጠጫ ስፖንጅ ነው። በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ የታሰረ የፖሊዩሪቴን ስፖንጅ በኢንዶስኮፒ ኪሱ ውስጥ ይገባና ከ75 እስከ 125 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በሚደርስ ግፊት ያለማቋረጥ ይመጠጣል፤ በየ3 እስከ 5 ቀኑ ይቀየራል። ስቴንት የማይሠራውን ሥራ፣ ማለትም መግሉን ከውስጥ ማውጣቱን፣ ስለሚሠራ ብዙ የአውሮፓ ማዕከላት አሁን ያስቀድሙታል፤ ሁለቱን የሚያነጻጽሩት ጥናቶችም ወደ ስፖንጁ ያደላሉ፣ ምንም እንኳ አብዛኞቹ ወደ ኋላ መዝገብ አይተው የተሠሩ ቢሆኑም። ችግሩ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል ማደንዘዣና ኢንዶስኮፒ መጠየቁ ነው። ይህ በማይቻልበት ቦታ ስቴንት ከጥሩ ቱቦ ጋር ተገቢ ምርጫ ነው፤ በተጠናቀሩ ጥናቶች ከ10 ታማሚዎች 8 ገደማ ላይ ሊኩ ተዘግቷል።

ስቴንቱ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከ6 ሳምንት ማለፍ የለበትም። የሽቦው ጫፍ በቆየ ቁጥር ግድግዳውን ይበላል፤ ከፊቱ መተንፈሻ ቧንቧ፣ ከኋላውና ከጎኑ ታላቁ ደም ሥር አሉ። ስለዚህ ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ የቀጠሮው ቀን በምንም ምክንያት አይለፍ። ውኃ ሲውጡ ወዲያው የሚያስላቸው ከሆነ ወደ መተንፈሻው ቀዳዳ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ደም ካስታወኩ፣ አንድ ማንኪያ ቢሆንና ወዲያው ቢቆምም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይግቡ፤ ከታላቁ ደም ሥር የሚመጣ ትልቅ መድማት በእንዲህ ያለ ትንሽ ደም ሊጀምር ይችላል። አዲስ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ከትውከት ጋር፣ ወይም ሲውጡ የነበረው ድንገት አልወርድ ማለቱ ሲታይም ስቴንቱ ያለበት ቦታ በራጅ ይታይ።

ሲወጣ በኢንዶስኮፒ መቆንጠጫ የላይኛው ጫፍ ላይ ያለው ክር ይያዝና ሲሳብ ስቴንቱ ይጠባል፤ ከተሰፋ ወይም ክሊፕ ካለው መጀመሪያ ያ ይፈታል። ወዲያው ቦታው ይታያል፣ የምስል መድኃኒት ይፈተሻል። ቀዳዳው ጠቦ ካልተዘጋ ሁለተኛ ስቴንት ለተወሰኑ ሳምንታት ሊገባ ወይም ወደ ስፖንጅ ሊዞር ይችላል። ከተዘጋም ቢሆን ያፈሰሰ መገጣጠሚያ ሲሽር መጥበብ ይወዳል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጠንካራ ምግብ አልወርድ ካላቸው ካንሰሩ ተመለሰ ብለው ከመደንገጥዎ በፊት ኢንዶስኮፒ ይደረግላቸው፤ ጥበት ብቻ ከሆነ በፊኛ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ደረጃ በደረጃ ይሰፋል።